በሁለት ሰዓት ተኩል ማን ይከሳል?

ዛሬ ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ ብንጫወትስ? ስለ ቀሚስ ልክ አይደለም፤ እሱን የሚያወራው ሞልቷል። ኦዜምፒክ፣ ዌጎቪ፣ ማውንጃሮ የሚሉት ስሞች ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ገብተው ተለምደዋል። እኔ የማወጋዎ ይኸው የመርፌ ዘር ወደ ነርቭ ሐኪሞች ደጅ እንዴት እንደደረሰ፣ እዚያም «ጥናት ውስጥ ግቢ» ተብለው ስለተጠየቁ ሴቶች ነው። ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ነው። ዓመቶቹንም በእነሱው አቆጣጠር እጠራለሁ፤ መቀነሱ የእርስዎ ፋንታ ይሁን።

መጀመሪያ በሽታው። አንጎላችን የሚኖረው በውሃ ተከቦ ነው። ውሃውን የሚሠራው ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባል፣ እዚያው አንጎል ውስጥ ያለ፣ ደም ሥር የበዛበት ክፍል ነው፤ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመነጫል። በአንድ ጊዜ ውስጣችን የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ወደ ደም ሥር ይወጣል። መግቢያውና መውጫው ሲዛነፍ ግፊት ይነሣል። የራስ ቅል ደግሞ ሆድ አይደለም እንዲለጠጥ። ግፊቱ መሄጃ ሲያጣ የዓይንን ነርቭ ከኋላ ይጫነዋል፤ ነርቩም ያብጣል።

ይህ ሁሉ ዕጢም የረጋ ደምም ሳይገኝ ሲቀር ሐኪሞቹ አይ አይ ኤች ይሉታል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ክብደታቸው የጨመረ ሴቶችን ነው። ራስ ያማል፤ ጆሮ ውስጥ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚሄድ ሹሹታ ይሰማል፤ ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ ዓይን ለጥቂት ሰከንዶች ይጋረዳል። ካልታከመ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ክዊንከ በሽታውን የገለጸው በ1890ዎቹ ነው። ከወገብ በመርፌ ውሃ የመቅዳቱን ዘዴም በ1891 ያስተዋወቀው እሱ ነው። አዎ፣ ያ አገራችን ውስጥ «ሽባ ያደርጋል» እየተባለ ስንቱ ታካሚ ከአልጋው ተነሥቶ የሄደበት ምርመራ። እንዲህ ያለ ግፊት መኖሩ የሚረጋገጠው እስከ ዛሬም በእሱ ነው።

ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ምክር «ክብደት ቀንሺ» ነው። እኛ ዘንድ ይህ ምክር ሁለት ጊዜ ያማል። ልጅቱ ስትወፍር «ተመችቷታል» ብለን የመረቅን እኛው፣ ስትከሳ «ምን ነካሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?» ብለን በር ላይ የምንይዛትም እኛው። በዚያ ላይ ራሴን አመመኝ ብሎ የሄደ ሰው ስለ ወገቡ ስፋት ሲነገረው የተሰደበ ይመስለዋል።

ሐኪሞቹ ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። የበርሚንግሃሞቹ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት 25 ሴቶች ለሦስት ወር በቀን 425 ካሎሪ ብቻ እየወሰዱ ቆዩ። የሁዳዴ ጿሚ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከዚያ የሚበልጥ ይበላል! በአማካይ ከ15 ኪሎ በላይ ቀነሱ፤ የራስ ቅላቸው ግፊትም አብሮ ወረደ። በኋላ ደግሞ 66 ሴቶች የተሳተፉበት፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምናን ከተለመደው የክብደት መቀነሻ ማኅበር ጋር ያወዳደረ ሌላ ጥናት አደረጉ። ከዚያ የተገኘው ስሌት፣ ግፊቱን ወደ ደህናው ልክ ለመመለስ የሰውነትን ክብደት ሩብ ለመሆን ትንሽ የቀረው፣ 24 በመቶ ያህል መጣል ያስፈልጋል የሚል ነው። መቶ ኪሎ የምትመዝን ሴት 24 ኪሎ። ይህን በምክር ብቻ ያመጣች ካወቁ ያስተዋውቁኝ።

መድኃኒት የለም ወይ ካሉ፣ አለ። አሴታዞላሚድ የሚባል እንክብል ነው። በሰሜን አሜሪካ 165 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2014 ውጤቱ የወጣው ጥናት፣ ጨው ከተቀነሰበት የክብደት መቀነሻ ምግብ ጋር ሲወሰድ የዓይን ዕይታን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ግን ጣትን ያደነዝዛል፣ ይነዝራል፤ ለስላሳ መጠጥ እንኳ ጣዕሙ ይበላሻል። ብዙዎቹ አይችሉትም።

አሁን ወደ አንዲት እንሽላሊት ልውሰድዎ፤ የመርፌው ታሪክ ከእሷ ይጀምራል። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ የምትኖር፣ ጊላ ሞንስተር የሚሏት መርዛማ እንሽላሊት አለች። በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጆን ኤንግ በ1992 ከመርዟ ውስጥ ኤክሴንዲን አራት የተባለ ንጥረ ነገር አገኘ። ንጥረ ነገሩ ከበላን በኋላ አንጀታችን ከሚልከው ጂ ኤል ፒ ዋን ከሚባለው ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል። የእኛው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ሲፈርስ የእንሽላሊቷ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ከዚያ ኤክሴናታይድ የተባለው የስኳር በሽታ መርፌ ተሠርቶ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የዛሬዎቹ የክብደት መርፌዎች ሁሉ በዚያው ሆርሞን መንገድ ነው የሚሄዱት።

እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ይህ ሆርሞን የሚያርፍበት ተቀባይ አንጎል ውስጥ ያን ውሃ በሚያመነጨው ክፍል ላይም አለ። እንግዲያው መርፌው ከማክሳቱ ሌላ ራሱን የውሃውን ምንጭ ጠበብ ቢያደርገውስ? የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዋ የነርቭ ሐኪም አሌክሳንድራ ሲንክሌርና ባልደረቦቿ ጥያቄውን መጀመሪያ በአይጥ ላይ ሞከሩት። በ2017 እንዳሳተሙት፣ የአይጦቹ የራስ ቅል ግፊት በግልጽ ወረደ።

እንበልና ልጅዎ በርሚንግሃም ትኖራለች፤ ይህ በሽታ ይዟታል። አንድ እሑድ ትደውልና፦ «ሐኪሞቹ ጥናት ውስጥ ግቢ አሉኝ፤ ምን ትላላችሁ?» ትላለች። እርስዎም፣ አባቷም ይሁኑ እናቷ፣ ከአፍዎ የሚወጣውን አውቀዋለሁ፦ «ልጄን መሞከሪያ አይጥ ሊያደርጓት ነው!»

አይጧማ ቀድማ ገብታ ወጥታለች። ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። አሜሪካ አገር፣ አላባማ ክፍለ ግዛት፣ ታስኪጊ በምትባል ቦታ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ድሃ ጥቁር ወንዶች የበሽታቸውን እውነት ሳይነገራቸው፣ መድኃኒት ከተገኘ በኋላም ሳይሰጣቸው «ተጠንተዋል»። ዛሬ ጥናት የሚያደርግ ሁሉ መጀመሪያ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው፣ ሁሉንም ዘርዝሮ የማስረዳትና የማስፈረም ግዴታ ያለበት፣ የፈረመውም ሰው ባሰኘው ቀን ያለ ምክንያት ጥሎ የመውጣት መብት ያገኘው፣ እንዲህ ያለ ግፍ ስለተሠራ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ወረቀት ሃያ ገጽ ቢሆን አይማረሩ። እያንዳንዱ ገጽ የሚከፍለው የሰው ዕዳ አለበት።

ወረቀቱ ግን የሚያስፈራ ነገር ይዟል። ግፊቱን ለመለካት ሁልጊዜ ከወገብ ውሃ መቅዳት አይሆንም። አንደኛ ያማል። ሁለተኛ፣ ውሃው ሲቀዳ ግፊቱ ራሱ ስለሚወርድ ቀጥሎ የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል። ሦስተኛ፣ የዛሬን ከሰዓት ለክቶ የነገን ጠዋት መድገም ከማን ጀርባ? ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎቹ ያቀረቡት ሌላ ነበር፦ በቀዶ ሕክምና የራስ ቅል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ የግፊት መለኪያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንበቢያውን ከቆዳው በላይ ማስጠጋት ነው፤ ያለ ሽቦ ይነበባል።

ራስ ቅል መበሳት! ይህን ሰምቶ «እሺ» ያለ ሰው ማነው? 16 ሴቶች። አማካይ ዕድሜያቸው 28 ነበር። ግፊቱ በመለኪያቸው እስከ 25 ድረስ ደህና ሲባል፣ የእነሱ በአማካይ ከ30 በላይ ነበር። እኔ ስለዚህ ጥናት ሳነብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ቁጥሮቹ ሳይሆን ወደ እነዚህ ሴቶች ነው። ስማቸውን አናውቅም፤ ማወቅም የለብንም። ግን ራሱን የሚያመው ሰው ራሱን ለመበሳት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከዚያ በፊት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ መገመት ይቻላል።

ለሁሉም ደግሞ መድኃኒቱ አልደረሳቸውም። እዚህ ላይ ነው ከልጅዎ ጋር ረጋ ብለው መነጋገር የሚኖርብዎ። ማን እውነተኛውን መርፌ፣ ያንኑ ኤክሴናታይድ፣ ማን ባዶውን እንደሚወስድ በዕጣ ይወሰናል። ባዶውን ፕላሴቦ ይሉታል፤ ሲያዩት ከዋናው አይለይም፤ ወጊዋም ተወጊዋም አያውቁም። ዕጣ ሲሉ ግን እንደ ዕቁብ እንዳይመስላት። በዕቁብ ዛሬ ያልወጣላት ነገ ይወጣላታል፤ እዚህ ግን ባዶው የደረሳት እስከ ጥናቱ መጨረሻ ባዶውን ስትወጋ ትቆያለች። የበርሚንግሃሙ 12 ሳምንት ነበር፤ መርፌው በቀን ሁለት ጊዜ። ባዶ መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት፣ በተበሳ ራስ ላይ።

«ታዲያ ምን ጥቅም አላት?» ይሉኛል። ምናልባት ለእሷ ምንም። ይህን ፊት ለፊት የማይነግራት ሐኪም ካለ ትለፈው። ሐኪም ቤት የምንሄደው ለመዳን ስለሆነ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መርፌ ሲያነሣ ለእኔ የሚበጀኝን አስቦ ነው እንላለን። በጥናት ግን ያ መርፌ የተነሣው ጥያቄ ለመመለስ ነው። ልጅዎ የምትሰጠው ይበልጣል፤ የምትቀበለው እርግጠኛ አይደለም። የሐኪም ክትትሉ ይበረታላት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ቃል የሚገባላት ካለ ይጠርጥሩት። ይህን አውቃ ከገባች ገባች። ሳታውቅ ከገባች ግን፣ በባዶው መርፌ ሳምንት በሳምንት ተስፋ ስትቆርጥ እርስዎ ነዎት በስልክ የሚሰሙት።

ውጤቱስ? በ2023 ብሬን በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። እውነተኛውን የወሰዱት ሴቶች ግፊት ባዶውን ከወሰዱት አንጻር በስድስት ነጥብ ያህል ወርዶ ተገኘ፤ በወር ራሳቸውን የሚያማቸው ቀናትም ቀነሱ። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ ግን ግፊቱ የወረደበት ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በሁለት ሰዓት ተኩል!

በሁለት ሰዓት ተኩል ማን ይከሳል? ማንም። ቁርስ እንኳ ሙሉ ለሙሉ አይፈጭም። እንግዲህ ያ መውረድ የመጣው ከወገብ ስፋት አይደለም፤ መርፌው ሌላ በር አግኝቷል ማለት ነው። በማግስቱ ሲለኩትም እንደወረደ ነበር። ይህንን ለማወቅ ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩልና በማግስቱ የሚነበብ መለኪያ ያስፈልግ ነበር፤ ለመለኪያው የእነዚያ ሴቶች ራስ ቅል ያስፈልግ ነበር። ዓመታትን ሙሉ «ብትከሺ ይሻልሽ ነበር» የተባለች ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት እኔ አልናገርም። እሷን ይጠይቋት።

አሁን ደግሞ ልበርድ። 16 ሰው ጥቂት ነው። በ12ኛው ሳምንት ያለው ልዩነት ለሁለት ሰዓት ተኩሉ ቢቀራረብም፣ በስታቲስቲክስ ሚዛን ለጥቂት ሳያልፍ ቀርቷል። ጥቂት ሰው ላይ ያማረ ነገር ብዙ ሰው ላይ ሲወጣ ስንቴ ከስሟል! ይኸው ኤክሴናታይድ ራሱ በለንደን በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። በቶም ፎልቲኒ የተመራው የ62 ሰዎች ጥናት በ2017 ሲወጣ ተስፋው ብዙ ነበር። በ2025 የ194 ሰዎቹ ውጤት መጣ፦ 96 ሳምንት ሙሉ ከተወጉ በኋላ በመድኃኒቱና በባዶው መካከል ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ደግሞ ኖቮ ኖርዲስክ፣ የኦዜምፒክ ባለቤት፣ ሴማግሉታይድን በእንክብል መልክ በ3,800 ገደማ የአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሞክሮ የበሽታውን ጉዞ እንዳላዘገየው አስታወቀ።

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ደግሞ መክሳትን አይፈልገውም፤ ብዙዎቹ ያለዚያም እየመነመኑ ነው። ፈረንሳዮቹ የዚያኑ ዘር ሌላ መርፌ፣ ሊክሲሴናታይድን፣ በ156 ሕሙማን ላይ ሞክረው በ2024 ትንሽ ጥሩ ነገር አግኝተውበት ነበር፤ ከወሰዱት መካከል ግን ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው አቅለሽልሿቸዋል። በአንዱ በሽታ ጸጋ የሆነው ጎን ለጎን የሚመጣ ነገር በሌላው ዕዳ ይሆናል። የሰፈር ወሬ «ለጭንቅላትም ፍቱን ነው አሉ» ሲልዎት ለየትኛው ጭንቅላት ብለው ይጠይቁልኝ።

የበርሚንግሃሙስ ተከታይ የለውም? ነበረው። ኢንቬክስ የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ በሳምንት አንዴ የሚወጋውን ዓይነት ይዞ 240 ሰዎች ላይ ሊሞክር ተነሣ፤ ጥናቱ በ2023 ሳያልቅ ተቋረጠ። ዘመኑን ሳስበው ብዙም አልገረመኝም። የቅርብ ዘመድ የሆነ መርፌ በየፋርማሲው ሲሸጥ፣ ባዶ ሊደርሰኝ በሚችልበት ዕጣ ውስጥ ለምን እገባለሁ የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ለራሱ ሲያስብ ልክ ነው። ሁሉም ለራሱ ሲገዛ ግን ማን ግፊቱን ይለካል? አንዷ ይሻላታል፤ መርፌው ይሁን ክብደቱ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን ማንም አይለይም። ቀጥላ የምትመጣዋም «ቀንሺ» ትባላለች።

ስለዚህ እኔ ልጅዎን ብሆን? እገባ ነበር። ራስ ቅል የሚበሳበት ከሆነ ግን እንደገና አስብ ነበር፤ ጀግንነቴ በወሬ ነው። እርስዎን ብሆን ደግሞ «አትግቢ» አልላትም፣ «ግቢ»ም አልላትም፤ ፊርማው የእሷ ነው። የምትጠይቀውን ጥያቄ ግን አብሬ እቆጥርላት ነበር።

ዕይታዋ በመሃል ቢደክም ምስጢሩን ከፍቶ መርፌው የትኛው እንደሆነ የሚያይላት ማነው? በሌሊት የምትደውልበት ቁጥር አለ ወይ? ከምትወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል ወይ? እዚህ ላይ አደራ፣ የእኛንም ጭምር ትንገራቸው። ዳማከሴውን፣ ፌጦውን፣ ጸበል ስትጠጣ ምግብ ሳትቀምስ የምትቆይበትን ሰዓት። እንግሊዛዊው ሐኪም ካልተነገረው ከየት ያውቃል? መርፌው ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይ ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ በጾም ቀን ቢጠና ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ትስማማ።

ስለ እርግዝናም ይጠይቋታል። መውለድ የምትችል ሴት እንዲህ ባለ ጥናት ስትገባ የእርግዝና መከላከያ እንድትጠቀም ነው የሚፈለገው። እንግዲህ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋት ከሆነ ሆስፒታሉ የራሱን ያምጣላት። እርስዎ አስተርጓሚ ሆነው ከተቀመጡ ያን ጥያቄ ሐኪሟ ስትጠይቅ እርስዎ ምን ብለው ይተረጉሙታል፣ እሷስ ምን ብላ ትመልሳለች? ሁለታችሁም ጣራ ጣራውን ስታዩ ይታየኛል። ለቡና ያግኟት፤ ለዚያ ክፍል ግን ይቅርታ ይጠይቁና ኮሪደር ላይ ይጠብቋት።

የመጨረሻዋ ጥያቄ የገንዘብ ናት። እንዲህ ባለ ጥናት መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመጓጓዣ ወጪ ነው፤ ሀብታም የሚሆንበት ሰው የለም። ግን ጥናቱ ሲያልቅስ? ዕጣዋ እውነተኛው መርፌ ሆኖ ቢሻላት፣ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ማን ይሰጣታል? ለውፍረት ሴማግሉታይድ ሲወስዱ ቆይተው ያቆሙ ሰዎች ሲጠኑ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ኪሎ ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ተመልሷል። ግፊቱም ይመለስ ይሆን? ከተመለሰ መርፌው ከማን ኪስ ይገዛል? ይህን ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ። መልሱንም በአፍ ሳይሆን እዚያው ሃያ ገጹ ላይ፣ የት ቦታ እንደተጻፈ በጣታቸው ያሳዩዋት።